ሁለት እጅ የሚሻ ሥራ፦ የነርሲንግና የሕክምና ተማሪዎች የጋራ ስኪል ላብ (የክህሎት መለማመጃ ክፍል) ማስታወሻ፣ ጎንደር

መስከረም መጨረሻ፦ የትኛው ሥራ ይግባ?

የነርሲንግና የሕክምና ተማሪዎችን አንድ ክፍል አስገብቶ ጎን ለጎን ካኑላ (በመርፌ ገብቶ ደም ሥር ውስጥ የሚቀር የፕላስቲክ ቱቦ) ማስተከል የጋራ ልምምድ አይባልም። እያንዳንዱ የየራሱን የላስቲክ ክንድ ይዞ ያንኑ ሥራ ለብቻው ይሠራል፤ የተጋሩት ጣሪያውን ብቻ ነው። ስለዚህ የዘንድሮውን ዝርዝር ስናወጣ አንድ መለኪያ ያዝን፦ ሥራው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ነጥብ ከሌለው ወደየትምህርት ክፍሉ ይመለስ። የጡንቻ መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ የደም ግፊት መለካት በዚህ መለኪያ ወጡ። የቀሩት አራት ናቸው፦ በኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር በሚመጣ መንቀጥቀጥ) ለምትንቀጠቀጥ እናት መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን ማግኒዥየም ሰልፌት መስጠት፣ ያልተነፈሰ አራስ ማስተንፈስ፣ ልቡ ለቆመ አዋቂ ሲፒአር (ደረት መጫንና ማስተንፈስ) መሥራት፣ ደም ሥር ከፍቶ ፈሳሽ ማስጀመርና ለተረኛ ማስረከብ።

ነገሩ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ቀደም ባለው ዓመት ጎንደር አቅራቢያ ያለውን ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ከመነሻ ምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ተማሪዎች ከጅምሩ በአንድ ቡድን ጤና ጣቢያ እየወጡ ይሠሩ ነበር፤ ቲም ትሬኒንግ የሚባለው የመስክ ልምምድ ዛሬም አለ። መስክ ላይ ግን ሥራው ይከፋፈላል፤ አንዱ ቤት ለቤት መጠይቅ ሲሞላ ሌላው ምንጭና መጸዳጃ ያያል። ደቂቃ እየተቆጠረ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ እጁን የሚያንቀሳቅስበት ልምምድ አልጋ ይፈልጋል።

ጥቅምት፦ ሁለት ቼክሊስት ማስታረቅ

ከዕቃ በፊት ወረቀት። የሁለቱን ትምህርት ክፍሎች ቼክሊስት ጎን ለጎን ዘርግቶ መስመር በመስመር ማመሳከር አሰልቺ ነው። የዘለለው ሰው ግን ተማሪዎቹ ፊት አስተማሪ ከአስተማሪ ሲከራከር ያገኘዋል። የነርሲንጉ ረጅም ነው፤ ትሪ ማዘጋጀቱን፣ ለታማሚው ማስረዳቱን፣ ቻርት መሙላቱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የሕክምናው አጭር ሆኖ መቼ ይደረጋል፣ መቼ አይደረግም የሚለውን ያስቀድማል። ሁለቱን ደምሮ መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ ስድሳ መስመር ያለውን ወረቀት ፈታኙ ራሱ አያነበውም። ለአንድ ስቴሽን (አንዱ ሥራ ለሚሠራበት የልምምድ ጠረጴዛ) ከ18 እስከ 22 መስመር፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አራቱ የቅብብል መስመር እንዲሆኑ ተወሰነ።

ብዙ ያከራከረው ደም ሥር መክፈት ነው። ቱርኒኬት (የክንድ ማሰሪያ) ከማጽዳት በፊት ይታሰር ወይስ በኋላ? የተስማማንበት ቅደም ተከተል፦ ማሰር፣ ደም ሥሩን መምረጥ፣ መፍታት፣ ዕቃ ማሰናዳት፣ እንደገና ማሰር፣ ማጽዳት፣ መውጋት። ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ጓንት ንጹሕ ይሁን፤ ከጸዳ በኋላ ቦታው በጣት እስካልተነካ ድረስ ስተራይል (ከጀርም የመከነ) ጓንት አያስፈልግም። ችግሩ ሁሉም መንካቱ ነው። አልኮሉን ቀብቶ ደም ሥሩ «እዛው አለ ወይ?» ብሎ በጣት መዳሰስ ከሁለቱም ወገን ተማሪዎች ዘንድ እኩል የሚታይ ልማድ ነው። ሁለተኛው አልኮሉ ቶሎ እንዲደርቅ እፍ ማለት። 70 ፐርሰንት አልኮል ሥራውን የሚሠራው ሲደርቅ ነው፤ 30 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ሁለቱም ጥፋቶች «ከዚህ ላይ እንደገና ይጀምር» የሚል ምልክት ተደረገባቸው፤ ነጥብ መቀነስ ብቻውን ልማድ አያስተውም።

የጥቅምት ማብቂያ፦ ክንድ መሥራት

ፋብሪካ ሠራሹ ክንድ ጥሩ ነው፤ ቆዳውና ቱቦው ግን በአጠቃቀም ያልቃል፣ መለዋወጫውም ከገበያ እንደ ልብ አይገኝም። ለፈተና እሱን አስቀምጦ ለልምምድ በእጅ የተሠራ መጠቀም ያዋጣል። ለአንድ ክንድ የሚገባው ይህ ነው፦

– 35 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 50 ሚ.ሜ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ውኃ ቧንቧ
– 3 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው የፍራሽ ስፖንጅ፣ ቧንቧውን አንዴ የሚዞር
– 80 ሴ.ሜ ላቴክስ ቱቦ፣ ውጪው ከ5 እስከ 6 ሚ.ሜ
– ሁለት የግሉኮስ መስመር ከነመቆጣጠሪያቸውና አንድ ባዶ የግሉኮስ ከረጢት
– ክርን ድረስ የሚደርስ የማዋለጃ ክፍል ረጅም ጓንት፣ ሁለት
– ቀይ የምግብ ቀለም፣ ማስቲሽ፣ ምላጭ

ስፖንጁ በቧንቧው ላይ ይጠቀለልና በማስቲሽ ይያዛል። በምላጭ ሁለት ቦይ ይቆረጣል፤ አንዱ 5 ሚ.ሜ፣ ሌላው 8 ሚ.ሜ ጥልቀት ያለው፤ ጥልቁ በዓይን የማይታይና በጣት ብቻ የሚገኝ ደም ሥር ይሆናል። ቱቦው በአንዱ ወርዶ በሌላው ይመለሳል። አንዱ ጫፍ ከከረጢቱ ከሚመጣው መስመር፣ ሌላው በመቆጣጠሪያ ተዘግቶ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከሚገባው መስመር ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ጓንቶች ተደርበው እንደ ቆዳ ይለበሳሉ። ከዚያ ቀይ ውኃው ተለቅቆ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ይፈስሳል። አየር ከቀረ ትክክል የወጋው ተማሪ ደም አያይም፤ የሌለበትን ጥፋት ይፈልጋል።

የግሉኮስ መስመሩን ራሱን ደም ሥር ማድረግ የሚቀል ይመስላል። ፕላስቲኩ ግን ደረቅ ስለሆነ መርፌው ይንሸራተታል፤ ቀዳዳውም አይገጥምም። ላቴክስ መርፌው ሲወጣ ይሰበሰባል። ከረጢቱ ከክንዱ 30 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ይህ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ይሰጣል፤ ደሙ በካኑላው ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ይመጣል። አንድ ሜትር ላይ ከተሰቀለ ግፊቱ ከ70 ያልፍና ቀይ ውኃው ጋውን ላይ ይረጫል፤ ተማሪውም አርተሪ የወጋ ይመስለዋል።

ቱቦው ማንጠባጠብ ሲጀምር አይጣልም። በቦዩ ውስጥ ሩብ ዙር ዞሮ ያልተወጋው ፊት ወደ ላይ ይመጣል፤ ሲያልቅ 2 ሴ.ሜ ይሳባል። ለመደበኛ ልምምድ ሮዙ ቁጥር 20 ወይም ሰማያዊው ቁጥር 22 ይበቃል። አረንጓዴው ቁጥር 18 የሚወጣው ለድንገተኛ ሁኔታ ልምምድ፣ ያውም በመጨረሻ ነው፤ ቱቦውን የሚጨርሰው እሱ ነው። ውኃው እንዳይበላሽ በረኪና ጠብ ማድረግ ቀለሙን ያጠፋዋል፤ የቀይ ሥር ውኃ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይሸታል፣ ቱቦም ይደፍናል። ማታ ማታ አፍስሶ ማድረቅ ከሁሉ ይቀላል።

የአወጋጉ ዋና ችግር አንድ ነው። ደም እንደታየ ፕላስቲኩን መግፋት። ደም የታየው የመርፌው ጫፍ ስለገባ ነው፤ ፕላስቲኩ ከጫፉ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሆነ ገና ውጭ ነው። ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ገብቶ ደም ሲታይ አንግሉን ዝቅ አድርጎ ሌላ 2 ሚ.ሜ ያህል መግባት፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ማንሸራተት። የቅብብሉ መስመር እዚህ ላይ ነው። ቱርኒኬቱን ማን ይፈታል? ለማንም ካልተሰጠ ማንም አይፈታውም፤ መርፌው ወጥቶ፣ ማሰሪያው እንደታሰረ፣ ቀይ ውኃው ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ የሚወጋው «ደም መጣ» ይላል፤ መስመሩን ሞልቶ አየር አስወጥቶ የቆመው ጓደኛው ይፈታል፣ ከዚያ መስመሩን ያቀብላል። 1000 ሚ.ሊ በ8 ሰዓት፣ በ1 ሚ.ሊ 20 ጠብታ በሚሰጥ መስመር በደቂቃ 42 ጠብታ ነው፤ አንዱ ያሰላል፣ ሌላው ሰዓት ይዞ ይቆጥራል። ሥራው በተገላቢጦሽ ይደገማል።

የልምምድ ካኑላ ወደ ዋርድ አይመለስም፤ መርፌው ተመልሶ አይከደንም፤ ሴፍቲ ቦክሱ (የመርፌ መጣያው ሳጥን) ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ላብ ውስጥ በላስቲክ ክንድ ላይም ቢሆን የተወጋ ጣት የተወጋ ጣት ነው።

ኅዳር፦ ሰዓትና ሰው

የነርሲንግ ተማሪዎች ጠዋት ዋርድ ናቸው፤ የሕክምናዎቹ ጠዋት ራውንድ፣ ከሰዓት ሴሚናር አለባቸው። የተገኘው የጋራ ክፍተት ሐሙስ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ነው። በአንድ ዙር 24 ተማሪ፣ ከየወገኑ 12፤ በአራት ስቴሽን ስድስት ስድስት፣ ሦስት በሦስት። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 10 ደቂቃ ውይይት፣ 5 ደቂቃ መቀያየሪያ፤ መክፈቻው ሲታከልበት ሦስቱ ሰዓት ይሞላል። ከስድስት በላይ ሲሆን የኋላው ስልኩን ያወጣል።

የሚቀናጁት ሲ-ዋን (ዋርድ ላይ የመጀመሪያ ዓመታቸውን የያዙ የሕክምና ተማሪዎች) ከሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ ጋር ነው። ኢንተርንን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪን) ከሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ ጋር ማስገባት አይበጅም፤ ኢንተርኑ ያዛል፣ ሌላው ይታዘዛል፣ ውይይት የለም።

ማሳያው በአራት እርከን ነው፦ መጀመሪያ ነርስ አስተማሪና ሐኪም አስተማሪ ጥንድ ሆነው በትክክለኛው ፍጥነት፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ይሠሩታል፤ ቀጥሎ እያብራሩ፤ ሦስተኛ ተማሪው እየነገራቸው እነሱ ይሠራሉ፤ አራተኛ ተማሪው ራሱ። ጊዜ ሲያጥር ሰው የሚዘልለው ሦስተኛውን ነው። ተማሪው ቅደም ተከተሉን መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ግን እዚያ ላይ ነው፤ እጁ ሳይገባ አፉ ይፈተናል።

በውይይት የነርሲንግ ተማሪ ቀድሞ ይናገራል፣ አስተማሪ መጨረሻ። ይህ ለጨዋነት አይደለም። የሕክምና ተማሪው ከቀደመ የቀረው «እሱ እንዳለው ነው» ይልና ነገሩ ያልቃል።

ኅዳር ማብቂያና ታኅሣሥ፦ ማግኒዥየም

ከአራቱ ስቴሽኖች አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህን ነበር የምንይዘው። ትእዛዙ በአንድ አፍ ይወጣል፣ ስሌቱ በሌላ እጅ ይሠራል፣ ስሕተቱ ደግሞ በመሃል ይገባል።

ካርዱ፦ 22 ዓመት፣ የመጀመሪያ እርግዝና፣ 36 ሳምንት፣ የደም ግፊት 170/115፣ በር ላይ ተንቀጠቀጠች። በግራ ጎን ማስተኛት፣ የአየር መንገድ ማየት፣ ኦክስጅን፣ ደም ሥር መክፈት፤ ከዚያ ማግኒዥየም። የመጀመሪያው መጠን በደም ሥር 4 ግራም በ20 ፐርሰንት ብጥብጥ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ፤ ወዲያው 10 ግራም በጡንቻ፣ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም።

50 ፐርሰንት አምፑል ማለት 1 ሚ.ሊ ውስጥ ግማሽ ግራም አለ ማለት ነው። ስለዚህ 4 ግራም 8 ሚ.ሊ ይሆናል። 12 ሚ.ሊ ንጹሕ የመርፌ ውኃ ሲጨመርበት 20 ሚ.ሊ የ20 ፐርሰንት ብጥብጥ ይወጣል። ለጡንቻው አይቀጠንም፦ 10 ሚ.ሊ ከ50 ፐርሰንቱ፣ 1 ሚ.ሊ ባለ 2 ፐርሰንት ሊዶካይን (ማደንዘዣ) እዚያው ሲሪንጅ ውስጥ። ድምሩ 11 ሚ.ሊ ስለሆነ ባለ 10 ሲሪንጅ አይይዘውም፤ ለአንድ ሙከራ ሦስት ባለ 20 ሲሪንጅ ቀድሞ ትሪ ላይ ካልተቀመጠ ልምምዱ በፍለጋ ያልቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ከተንቀጠቀጠች 2 ግራም፦ 4 ሚ.ሊ ከ6 ሚ.ሊ ውኃ ጋር፣ በ5 ደቂቃ።

የሚፈጠረው ችግር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ማግኒዥየም አራት ግራም ስጪ» የሚል ትእዛዝ ይወጣል፤ መልሱ «እሺ ዶክተር»። በደም ሥር ወይስ በጡንቻ? ቀጥኖ ወይስ እንዳለ? በስንት ደቂቃ? አልተባለም፤ አልተጠየቀምም። 50 ፐርሰንቱ ሳይቀጥን ወደ ደም ሥር ይገባል። ከዚህ በኋላ በስቴሽኑ ላይ «እሺ» እንደ መልስ አይቆጠርም። መልስ የሚባለው መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ መንገዱንና ፍጥነቱን ደግሞ መናገር ነው፦ «ማግኒዥየም 4 ግራም፣ በ20 ፐርሰንት፣ በደም ሥር፣ በ5 ደቂቃ፤ ጀመርኩ»። አዛዡ «ልክ ነው» እስኪል መርፌው አይነካም።

ከዙሮቹ በአንዱ ለሕክምና ተማሪው በምስጢር የተሳሳተ ትእዛዝ እንዲሰጥ ካርድ ይሰጠዋል። ነርሷ ታርማለች? በመጀመሪያው ሙከራ ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ይሉኝታው ግን አፍ ይይዛል። «ተናገሪ» ብሎ መምከር ዋጋ የለውም፤ የምትናገረው ዓረፍተ ነገር ሊሰጣት ይገባል። ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በጥያቄ፦ «ዶክተር ይቅርታ፣ ሳናቀጥነው ነው?» ካልተሰማ በስጋት፦ «እንዳለ በደም ሥር መስጠቱ ያሰጋኛል፣ አብረን እንየው።» አሁንም ካልተሰማ፦ «ይቁም፤ አደጋ አለው።» ሦስተኛው ሲባል ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ እጁን ያነሳል፤ አስተማሪም ቢሆን። ሚናው ሲገለበጥና የሕክምና ተማሪው አቅጣኝ፣ የነርሲንጓ አዛዥ ስትሆን፣ ዝም የሚለው እሱ ይሆናል። ለውይይት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት የሚታዩት ሦስት፦ ትንፋሽ በደቂቃ 16 ወይም ከዚያ በላይ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበት መታ ሲደረግ እግር መፈናጠሩ) መኖሩ፣ ሽንት ባለፉት 4 ሰዓታት በአማካይ ቢያንስ በሰዓት 30 ሚ.ሊ። አንዱ ከጎደለ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይቆያል፤ ትንፋሽ ከቆመ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) ማስተንፈስና ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም፣ ማለትም 10 ሚ.ሊ ከ10 ፐርሰንቱ፣ በደም ሥር ቀስ ብሎ። ካልሲየሙ ከማግኒዥየሙ ጋር አንድ ትሪ ላይ መቀመጥ አለበት።

ከዚያ የሰዓቱ ጉዳይ። ቀጣዩ መጠን በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ነው፣ መቀመጫ እየተለዋወጠ። ቻርት ላይ «8:00» ብሎ የጻፈው ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ በአውሮፓ ሰዓት የሚያነበው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ይልና መጠኑ ያመለጠ ይመስለዋል። ተቸኩሎ ሲሰጥ መድኃኒቱ ይደራረባል። በልምምድ ቻርቱ ላይ ባዶ ቁጥር አይቀበሉም፤ «ከቀኑ 8፡00፣ ቀጣዩ ከምሽቱ 12፡00» ተብሎ ይጻፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በአንድ ዙር ውስጥ ግን ሁለቱም ንባብ ይገኛል።

የልምምድ መድኃኒቱ ውኃ ነው። በፕላስቲክ የመርፌ ውኃ አምፑል ላይ «ማግኒዥየም ሰልፌት 50%፣ ለልምምድ ብቻ» የሚል ቀይ ወረቀት ይለጠፋል። ሲጀመር ይቆጠራል፣ ሲያልቅ ይቆጠራል፤ አንድ ከጎደለ ማንም በጋውን ኪሱ ይዞ አይወጣም። ተለጥፎበት ዋርድ የገባ ውኃም፣ ላብ የገባ እውነተኛ መድኃኒትም እኩል አደገኛ ነው።

ታኅሣሥ ማብቂያ፦ አራስ

አሻንጉሊቱ በ2 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ሲሞላ እንደ አራስ ይከብዳል፣ አንገቱም ይወድቃል። በአየር ተነፍቶ ከቀረበ ተማሪዎቹ ራሱን ሳይደግፉ ያነሱታል፤ ውኃው ቶሎ ያስተምራቸዋል። ሁለት ደረቅ ጨርቅ ይቀርባል። በአንዱ ማድረቅና ጀርባ ማሸት፣ እሱን ጥሎ በሁለተኛው መጠቅለል። እርጥቡ ጨርቅ ከሥሩ ሳይወጣ መቀጠል የተለመደ ነው፤ በጎንደር የታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ሕፃኑን የሚገድለው ብርዱ ጭምር ነው።

ካልተነፈሰ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማስተንፈስ ይጀመራል፣ በደቂቃ 40። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየተባለ በአንድ ላይ ይጨመቃል፣ በሁለትና በሦስት ይለቀቃል። ጓደኛው እትብቱን ይዞ 6 ሰከንድ ይቆጥርና በ10 አባዝቶ ጮክ ብሎ ይናገራል። ደረት ካልተነሳ የሚያስተነፍሰው ብቻውን አይታገልም፤ ቆጣሪው በተራ ይጠራለታል፦ ማስክ፣ ራስ፣ አፍ፣ ኃይል። ማስኩን እንደገና መግጠም፣ ራሱን ማስተካከል፣ አፉን አጽድቶ ትንሽ መክፈት፣ ጠንከር አድርጎ መጭመቅ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ራሱ ላይ ነው፤ አንገቱን እንደ አዋቂ ወደ ኋላ ይቀለብሱታል፣ የአየር መንገዱም ይዘጋል።

ጥር፦ ሲፒአር

የጥምቀት ሰሞን ልምምድ አይያዝም፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ተማሪውም ታቦት ይሸኛል። ቀጠሮው ከዚያ ወዲህ ነው።

መለኪያው የታወቀ ነው፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ ጥልቀት፣ 30 ለ2፣ በየ2 ደቂቃው መቀየር፣ አድሬናሊን 1 ሚ.ግ በየ3 እስከ 5 ደቂቃ። ማኒኪኑ (ሰው መሰሉ የልምምድ አሻንጉሊት) የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ከተኛ ፍራሹ አብሮ ይወርዳል፤ ተማሪው 6 ሴ.ሜ ወረድኩ ሲል ደረቱ 3 ወርዷል። ጣውላ ከሥሩ ይገባል፣ አጭር ተማሪ በርጩማ ይወጣል። ማስክ ለብቻ በአንድ እጅ መያዝ ያስተነፍሳል ተብሎ አይታመንም፤ አንዱ በሁለት እጁ ማስኩን ይይዛል፣ ደረት የሚጫነው በማቆሚያው ባጉን ይጨምቃል።

«ሲስተር፣ አድሬናሊን!» ሲባል ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሲስተር አለች። እያንዳንዷ ሌላዋን ትጠብቃለች፤ አምፑሉ ትሪው ላይ እንዳለ ሁለት ደቂቃው ያልፋል። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ ነጭ ፕላስተር ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ስሙንና ሥራውን ጽፎ ደረቱ ላይ ይለጥፋል፦ «መሪ»፣ «ጫኝ»፣ «ማስክ»፣ «መድኃኒት»፣ «ጸሐፊ»። ትእዛዝ በስም ብቻ ነው። ማዕረጉ አይቀርም፣ «ሲስተር እገሊት» ይባላል፤ እገሊት መባሉ ነው ቁም ነገሩ።

የካቲትና መጋቢት፦ ጾምና ከፍታ

ከአራቱ ሌላ ስፌት በጋራ መርሐ ግብሩ የገባው መሣሪያ ማቀበልና ጥጥ መቁጠር ስላለበት ብቻ ነው። የበግ ቆዳ ከስፖንጅ ይሻላል፣ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤት ይዘጋል። እስከ ፋሲካ የሙዝ ልጣጭና ስፖንጅ ይበቃል። ሥጋ የነካ መሣሪያ ቀይ ቴፕ ታስሮበት ለብቻው ይቀመጣል።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የዝቅተኛ ቦታ ቁጥር እዚህ ሳይመረመር አይሠራም። ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አውቶክሌቭ (መሣሪያን በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ማሽን) 121 ዲግሪ እንዲደርስ የግፊት መለኪያው ከተለመደው 15 ፒኤስአይ ይልቅ 18 ተኩል ገደማ ማሳየት አለበት፤ 15 ላይ የሚቆም ቫልቭ ያለው ማሽን እዚህ 117 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። የሚታመነው ቴርሞሜትሩ ነው። ጊዜው ከ121 ጀምሮ ይቆጠራል፣ ላልተጠቀለለ 20፣ ለተጠቀለለ 30 ደቂቃ። ቅብብሉ ጥቅሉ ላይ ነው፦ ነርሷ ትጠቀልላለች፣ ሐኪሙ ይከፍታል፣ በጥቅሉ ላይ ያለውን፣ በሙቀት ቀለሙ የሚቀየር ቴፕ ማን ያነባል? ከፋቹ ቀለሙን ጮክ ብሎ እንዲናገር ተደረገ፤ ቴፑ ሙቀት ማየቱን እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም፤ ሳይቀየር የተገኘ ግን አይከፈትም።

ፐልስ ኦክሲሜትርም (በጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) እንዲሁ። በዚህ ከፍታ ጤነኛ ሰው 93 ፐርሰንት ሊያሳይ ይችላል። ካርዱ ላይ «ከ94 በታች፤ ኦክስጅን ስጥ» የሚል ከውጭ የተቀዳ መስመር ካለ ተማሪው ጓደኛውን ሁሉ ታማሚ ያደርጋል። በካርዶቹ ላይ መነሻው ከ90 በታች ተደርጓል። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር ከተቀባ ንባቡ አይታመንም፤ ማሸት፣ ማሞቅ፣ ጣት መቀየር።

ግንቦት፦ ፈተና

በስኮትላንድ ዳንዲ ሮናልድ ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው ኦስኪ (ከስቴሽን ስቴሽን እየተዞረ የሚሰጥ የተግባር ፈተና) አንድ ተማሪን ለብቻው ይፈትናል። የእኛ በጥንድ ነው። ክርክሩ ውጤቱ ላይ ነበር፤ ጓደኛው ሲሳሳት የሌላው ነጥብ ይቀነስ? ቴክኒኩ ለየብቻ፣ የቅብብሉ መስመር የጋራ ሆነ። ትእዛዙ ሳይደገም ከታለፈ አዛዡም ተቀባዩም ያጣሉ። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፣ ከየወገኑ አንድ፣ ወረቀታቸውን ሳይመካከሩ ይሞላሉ። ሁለቱ በተለያዩበት መስመር ላይ ተማሪው ይጠቀማል፣ መስመሩም ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይጻፋል። «በአግባቡ አስረከበ» የሚለው እንዲህ ወጣና «ቀጣዩን መጠንና ሰዓት ተናገረ» በሚል ተተካ።

የርክክብ ካርዱ አራት መስመር ነው፦ ማን ናት፣ ከምን ተነስታ፣ ምን አየሁ፣ ምን ይቀረናል። ሁሉም ሦስቱን ይናገራሉ። አራተኛውን ተረካቢው ካልጠየቀ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ስለዚህ መጠየቁም ነጥብ ያስገኛል።

ሰኔ፦ ማከማቸት

ክረምት ሲገባ ላቡ ይዘጋል፣ እርጥበቱ ዕቃውን ይበላል። ክንዶቹ ውኃቸው ፈስሶ፣ ቱቦው በሲሪንጅ አየር ተገፍቶበት ደርቆ ይቀመጣል። ላቴክስ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ታልክ ይነሰነስበታል፣ ከፀሐይና ከሙቀት ይርቃል። የአራሱ አሻንጉሊት ክዳኑ ተከፍቶ ቁልቁል ይሰቀላል። የማኒኪኖቹ ፊት በ0.5 ፐርሰንት በረኪና (5 ፐርሰንት ከሆነው አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ) ተወልውሎ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ በአልኮል ብቻ ከሆነ የተጻፈበት ምልክት ይለቃል። ባትሪ ሁሉ ይወጣል። የአምቡ ባጎቹ ቫልቭ ተፈትቶ ይደርቅና ከመገጠሙ በፊት በመዳፍ ተዘግቶ ይጨመቃል፤ አየር ከሸሸ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ለመስከረም ግዢ ይመዘገባል። ዘንድሮ የተመዘገቡት፦ ሁለት ቫልቭ፣ የአዋቂ ማስክ ቁጥር 4፣ 12 ሜትር ላቴክስ ቱቦ፣ ባለ 20 ሲሪንጅ።